የቅዱሳት መጻሕፍት ጥበቃና ሥልጣን፦ አራት የፕሮቴስታንት አቋሞችን አወዳድሮ ለመምረጥ የሚረዳ መመሪያ

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወረድ ሲባል በሚገኙት መንፈሳዊ መጻሕፍት መሸጫዎች መጽሐፍ ቅዱስ ሊገዛ የገባ ወንጌላዊ አማኝ ከሻጩ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «የ54ቱን (በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የቀድሞ ትርጉም) ነው ወይስ አዲሱን መደበኛ ትርጉም?» የሚል ነው። ጥያቄው የዋጋና የሽፋን ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሁለቱን ጎን ለጎን ገልጦ የሚያነብ ሰው በአንዱ ዘንድ ሙሉ ቁጥር ሆኖ የቆመው ቃል በሌላው ዘንድ ወደ ግርጌ ማስታወሻ ወርዶ ሲያገኘው፣ «ታዲያ የእግዚአብሔር ቃል የትኛው ነው?» ወደሚለው ከበድ ያለ ጥያቄ መሻገሩ አይቀርም። በማኅበራዊ ሚዲያ በሚደረጉ የሃይማኖት ክርክሮች «መጽሐፍ ቅዱሳችሁ ተበርዟል» የሚል ሙግት በተነሣ ቁጥርም ጥያቄው ወደ ቤት ኅብረቶችና ወደ ወጣቶች ጥናት ይገባል።

ይህ መመሪያ ለጥናት ቡድን መሪዎች፣ ለአጥቢያ ሽማግሌዎችና ሥነ መለኮት በመማር ላይ ላሉ ወጣቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ በፕሮቴስታንቶች ዘንድ የሚታወቁትን አራት አቋሞች ያወዳድራል። ጸሐፊው ገለልተኛ አይደለም፤ ወደ ሦስተኛው ያዘነብላል፤ ምክንያቱንም በቦታው ይገልጻል። «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሁለት ጥያቄዎች ሳይደባለቁ

የጥበቃ ጥያቄ፣ ነቢያትና ሐዋርያት የጻፉት ቃል በእጅ ሲገለበጥ በኖረባቸው ዘመናት ሁሉ ሳይጠፋ ደርሶናል ወይ፣ ደርሶን ከሆነስ የሚገኘው በአንድ እትም፣ በአብዛኞቹ ቅጂዎች ወይስ በቅጂዎቹ ሁሉ ድምር ነው የሚል ነው። የሥልጣን ጥያቄ ደግሞ ይህ ቃል በምን ጉዳይ፣ በማን ላይና እስከ ምን ድረስ ይገዛል የሚል ነው። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ የሌላው መልስ አይደለም። የብዙ ጥናት ቡድኖች ውይይት መቋጫ የሚያጣው ስለ ሥልጣን የተጠየቀው ሰው ስለ ብራና፣ ስለ ብራና የተጠየቀው ደግሞ ስለ እምነት ስለሚመልስ ነው።

አራቱም ወገኖች የሚስማሙባቸው እውነታዎች አሉ። ሐዋርያት በእጃቸው የጻፉት ወይም ያስጻፉት የመጀመሪያው ጽሑፍ ዛሬ የለም። የሐዲስ ኪዳን የግሪክ የእጅ ጽሑፎች፣ ቁርጥራጮቹ ተቆጥረው፣ ከአምስት ሺህ በላይ ናቸው፤ ፍጹም አንድ የሆኑ ሁለት ረጃጅም ቅጂዎችም አይገኙም። አብዛኛው ልዩነት የፊደል አጻጻፍና የቃላት ቅደም ተከተል ነው። ሰፊ ክርክር የሚነሣባቸው ረጃጅም ክፍሎች ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም የማርቆስ ወንጌል 16፥9-20 እና የዮሐንስ ወንጌል 7፥53-8፥11 ናቸው።

«ኪንግ ጄምስ ብቻ» የሚለው አቋም

ይህ አቋም እግዚአብሔር ቃሉን ያለ እንከን ጠብቆ ያቆየው በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው ይላል። ወደ ከተማችን የገባው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ በሚሰሙ የኢንተርኔት ስብከቶች ነው። ለዘብ ያሉት ደጋፊዎቹ ከእንግሊዝኛ ትርጉሞች ሁሉ የሚታመነው እርሱ ነው ሲሉ፣ እንደ አሜሪካዊው ፒተር ራክማን ያሉት ግን እንግሊዝኛው ከግሪኩ ሲለይ ግሪኩ በእንግሊዝኛው ይታረም እስከ ማለት ደርሰዋል።

የዚህ አቋም መስሕብ ግልጽ ነው፤ አንድ መጽሐፍ በእጅ ያስይዛል፣ የግርጌ ማስታወሻ ጭንቀትንም ያስወግዳል። የሚቃወሙት ግን መጀመሪያ የራሱ ተርጓሚዎች ናቸው። በመቅድማቸው ከትርጉሞች ሁሉ ዝቅ ያለው እንኳ የእግዚአብሔር ቃል መሆኑን ጽፈዋል፤ እርግጠኛ ባልሆኑበት ቦታ በኅዳጉ ላይ አማራጭ አስቀምጠዋል፤ ዛሬ የአቋሙ ደጋፊዎች የማይቀበሏቸውን ተጨማሪ የብሉይ ኪዳን መጻሕፍትም በሁለቱ ኪዳናት መካከል አካተው አሳትመዋል። አሁን በገበያ ላይ ያለው እትምም በአብዛኛው በ1769 የታረመው ነው። ለአማርኛ አንባቢ ሌላም ጥያቄ ይቀራል፤ እንግሊዝኛው ከመታተሙ በፊት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በግእዝ ሲነበብ የኖረው ምን ነበር ሊባል ነው? ለዚህ የሚሰጥ መልስ ስለሌለ በዚህ አቋም ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

ተቀባይነት ያገኘው ጽሑፍና የብዙኃኑ ጽሑፍ

ሁለተኛው አቋም ከመጀመሪያው ጋር ተደባልቆ የሚታይ ቢሆንም ክብደቱ እጅግ ይለያል። መሠረቱ አንድ እትም ሳይሆን የእምነት መግለጫ ነው። በ1640ዎቹ የተዘጋጀው የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ በስምንተኛው አንቀጽ፣ የብሉይ ኪዳን የዕብራይስጥና የሐዲስ ኪዳን የግሪክ ጽሑፍ በቀጥታ ከእግዚአብሔር የተሰጠ፣ በእርሱም ልዩ ጥንቃቄና መግቦት በዘመናት ሁሉ በንጽሕና የተጠበቀ መሆኑን ይናገራል። የ1689ኙ የለንደን ባፕቲስቶች መግለጫም ይህንኑ ተከትሏል። የዚህ ወገን ሰዎች፣ መግለጫዎቹ በተጻፉበት ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት በእጃቸው የነበረው የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ኤራስመስ፣ ስቴፋነስና ቤዛ ያሳተሙት የግሪክ ጽሑፍ ስለሆነ፣ «በዘመናት ሁሉ የተጠበቀው» ያ ነው ብለው ያምናሉ። ቴክስቱስ ሬሴፕቱስ፣ ማለትም ተቀባይነት ያገኘው ጽሑፍ የሚለው ስም የመጣው የኤልዘቪር አታሚዎች በ1633 በእትማቸው መቅድም ላይ ከጻፉት ቃል ነው።

የዚህ አቋም ብርታት ሊናቅ አይገባም። «ቤተ ክርስቲያን ለአሥራ ስምንት መቶ ዓመታት ትክክለኛውን ጽሑፍ ሳትይዝ ኖራ፣ ሊቃውንት ከቤተ መጻሕፍት ቆፍረው ሰጧት ማለት እግዚአብሔር ቃሉን አልጠበቀም እንደ ማለት ነው» የሚለው ሙግታቸው ሥነ መለኮታዊ መልስ ይሻል። ከዚህም ሌላ ሊቃውንቱ በየጊዜው የሚያደርጉትን ለውጥ ያነሣሉ። በሰፊው የሚሠራበት የኔስትሌ-አላንድ የግሪክ ሐዲስ ኪዳን በ2012 በወጣው 28ኛ እትሙ በይሁዳ መልእክት ቁጥር 5 ሕዝቡን ከግብፅ ያዳነው «ጌታ» የሚለውን ንባብ «ኢየሱስ» በሚለው ተክቶታል። «የሚቀጥለው እትም ምን ይል ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ምእመን ነገር ፈላጊ ሊባል አይገባውም።

ችግሩ የሚመጣው ጥበቃውን በአንድ ማተሚያ ቤት ሥራ ላይ ማሰር ሲፈለግ ነው። ኤራስመስ በ1516 በባዝል ሐዲስ ኪዳንን ሲያሳትም በእጁ የነበሩት ቅጂዎች ጥቂትና ዘግየት ያሉ ነበሩ፤ ለዮሐንስ ራእይ ያገኘው ብቸኛ ቅጂ የመጨረሻው ቅጠል ስለጎደለው የመጨረሻዎቹን ስድስት ቁጥሮች ከላቲን ወደ ግሪክ መልሶ ተርጉሞ ሞላቸው። በራእይ 22፥19 «ከሕይወት ዛፍ» በሚለው ፈንታ «ከሕይወት መጽሐፍ» የሚለው ንባብ ወደ ታተመው ግሪክ የገባው በዚህ መንገድ ነው። በ1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ላይ ስለ አብ፣ ስለ ቃልና ስለ መንፈስ ቅዱስ የሰማይ ምስክርነት የሚናገረው ዓረፍተ ነገርም በመጀመሪያዎቹ ሁለት እትሞቹ አልነበረም፤ በ1522 በወጣው ሦስተኛው እትም ገባ።

ታሪክ ከዚህ የከፋም አሳይቷል። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው የፕሮቴስታንት ሊቅ ሉዊ ካፔል የዕብራይስጡ የአናባቢ ምልክቶች ዘግይተው የተጨመሩ መሆናቸውን ሲያስረዳ፣ ብዙ የተሐድሶ ሊቃውንት የመጽሐፉ ሥልጣን የተናጋ መስሏቸው ነበር፤ የስዊስ አብያተ ክርስቲያናትም በ1675 ባወጡት የጋራ መግለጫ ምልክቶቹን በመለኮታዊ እስትንፋስ ሥር አካተዋቸዋል። ዛሬ ምልክቶቹ ማሶራውያን የተባሉት የመካከለኛው ዘመን አይሁድ ጸሐፍት ሥራ መሆናቸውን የማይቀበል ሊቅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የመጽሐፉ ሥልጣን ግን በዚያ ምክንያት አልወደቀም።

የብዙኃኑ ጽሑፍ ደጋፊዎች የዚህ አቋም የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ መለኪያቸው ግን የታተመ እትም ሳይሆን የቅጂዎች ብዛት ነው። ሆጅስና ፋርስታድ በ1982፣ ሮቢንሰንና ፒየርፖንት ደግሞ በኋላ ያሳተሟቸው የግሪክ ጽሑፎች በዚህ መንገድ የተዘጋጁ ናቸው። ብዙዎች የሚስቱት ነገር ቢኖር፣ በ1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ያለው ተጨማሪ ቃልም ሆነ የሐዋርያት ሥራ 8፥37 በአብዛኞቹ የግሪክ ቅጂዎች የማይገኙ በመሆናቸው የብዙኃኑ ጽሑፍ ራሱ የማይቀበላቸው መሆኑ ነው። እንግዲህ «የቀድሞውን ጽሑፍ እንከተላለን» የሚል ሰው የትኛውን እንደሆነ ለይቶ መናገር አለበት።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ስሕተት አልባነት ከቅጂዎች ምርመራ ጋር

ሦስተኛው አቋም፣ ስሕተት አልባ የሆነው በመጀመሪያ የተጻፈው ጽሑፍ ነው፣ ያም ጽሑፍ በቅጂዎቹ ብዛት ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል ይላል። አሜሪካውያኑ የሥነ መለኮት ሊቃውንት አርኪባልድ ሆጅና ቤንጃሚን ዋርፊልድ ይህን አስተሳሰብ በ1881 በግልጽ ጽፈውታል፤ በዚያው ዓመት ዌስትኮትና ሆርት እንደ ቫቲካኑስና ሲናይቲኩስ ያሉትን የአራተኛው ክፍለ ዘመን ቅጂዎች መሠረት አድርገው የግሪክ ሐዲስ ኪዳን አሳተሙ። በ1978 ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ስሕተት አልባነት የወጣው የቺካጎ መግለጫ በአሥረኛው አንቀጹ መለኮታዊ እስትንፋስ በቀጥታ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ጽሑፍ መሆኑን፣ ቅጂዎችና ትርጉሞችም ለመጀመሪያው ታማኝ እስከሆኑ ድረስ የእግዚአብሔር ቃል መሆናቸውን ይናገራል። በከተማችን የሥነ መለኮት ትምህርት የተማሩ አገልጋዮች በብዛት የሚይዙት ይህንን ይመስለኛል።

በዚህ አቋም ላይ የሚቀርበው የተለመደ ተቃውሞ «የሌለ ጽሑፍ ስሕተት የለበትም ማለት ምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። መልሱ በመጀመሪያው ወረቀትና በመጀመሪያው ቃል መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ጠፍቷል፣ ቃሉ ግን አንዱ ጸሐፊ የሳተውን ሌላው በሚያርምባቸው በብዙ ቅጂዎች ተበትኖ ቆይቷል። በ1947 በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻ የተገኘው የኢሳይያስ ጥቅል ቀድሞ ከሚታወቁት ሙሉ የዕብራይስጥ ቅጂዎች በአንድ ሺህ ዓመት ገደማ የሚቀድም ሲሆን፣ ከእነርሱ ጋር ሲተያይ በመሠረቱ ያው ትንቢት ሆኖ ተገኝቷል። ነገሩን ከልክ በላይ ማቅለል ግን አይገባም፤ ከዚያው ከኩምራን የተገኙ የኤርምያስ ቁርጥራጮች አንዱ ከሰባው ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ጋር የሚስማማውን አጠር ያለ የኤርምያስ መልክ ይዟል። ይህን አቋም የሚመርጥ ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። እርግጠኝነቱ ስለ እያንዳንዱ ቃል በእኩል መጠን አይደለም።

ሥልጣኑን በመልእክቱ ላይ የሚያቆመው አቋም

አራተኛው ወገን ክርክሩን ከጥበቃ ወደ ሥልጣን ያዞረዋል። የሉተራውያን የ1577ቱ የስምምነት መግለጫ የነቢያትና የሐዋርያት ጽሑፎች ትምህርት ሁሉ የሚፈረድባቸው ብቸኛ ሚዛን መሆናቸውን ሲናገር የጥበቃን ዝርዝር አይተነትንም። ሉተር ራሱ የመጻሕፍትን ክብደት ክርስቶስን በመስበካቸው ይለካ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ስዊዘርላንዳዊው የሥነ መለኮት ሊቅ ካርል ባርት ከዚህ አልፎ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ለእግዚአብሔር ቃል ምስክር እንደሆነና እግዚአብሔር በእርሱ ሲናገር ቃሉ እንደሚሆን አስተማረ። መጽሐፉ ስለ መዳንና ስለ ሕይወት በሚያስተምረው አይስትም፣ በታሪክና በቁጥር ዝርዝር ግን ይህን ማለት አያስፈልግም የሚሉም በዚሁ ወገን ይመደባሉ። በ1959 በቤተ ክርስቲያንነት የተደራጀችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሉተራዊ ናት ሲባል ግን አባሎቿ ሁሉ ባርትን ይከተላሉ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ጥቅሙ አንድ የንባብ ልዩነት በተገኘ ቁጥር እምነት እንዳይናወጥ ማድረጉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ «ለመዳን የሚያስፈልገው የቱ ነው?» የሚለውን ለይቶ የሚወስነው ሰው ከመጽሐፉ በላይ ዳኛ ሆኖ መቀመጡ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጎን ልጥቀስ። በአዲስ አበባ የመጽሐፉን ሥልጣን ዕለት ዕለት የሚፈትነው የብራና ልዩነት ሳይሆን «ጌታ ተናገረኝ» ተብሎ ሳይመረመር የሚታለፈው ትንቢት ነው። ሥልጣንን በመልእክቱ ላይ ብቻ የሚያቆም አቋም፣ መልእክቱን ራሱ በተጻፈው ቃል ካልፈተነ፣ ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

በእጃችን ባለው መጽሐፍ ሲፈተኑ

አቋሞቹን ለመመዘን ከሁሉ የሚሻለው መንገድ በቤታችን ያለውን መጽሐፍ መግለጥ ነው። በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታተመው፣ እስካሁንም በብዙ አጥቢያዎች መድረክ ላይ የሚነበበው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሐዋርያት ሥራ 8፥37 የጃንደረባውን የእምነት ቃል ሙሉ አድርጎ ይዟል፤ በዚህ ከተቀባይነት ያገኘው ጽሑፍ ጋር ይሄዳል። 1ኛ ዮሐንስ 5፥7ን ስንገልጥ ግን የሰማይ ሦስቱ ምስክሮች የሉም፤ ከዚያ የሚከተለው ቁጥር ስለ መንፈሱ፣ ስለ ውኃውና ስለ ደሙ ብቻ ይናገራል። ራእይ 22፥19ም «ከሕይወት ዛፍ» ይላል። እንግዲህ «54ቱ የእኛ ኪንግ ጄምስ ነው፣ አዲሶቹ ትርጉሞች ቁጥር ቀነሱበት» የሚለው በብዙ ጥናት ቡድኖች የሚሰማ አባባል ከመጽሐፉ ጋር አይስማማም። ተርጓሚዎቹ አንዱን የግሪክ እትም ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተከተሉ አይመስሉም፤ በኢትዮጵያ ወንጌላውያንን ለስድስት አሥርት ዓመታት ያሳደገው መጽሐፍም ይኸው ነው።

ወደ ኋላ ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ይከብራል። በአድዋ አቅራቢያ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት በካርቦን ምርመራ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተመደቡ ናቸው፤ ይህም ኤራስመስ ከተጠቀመባቸው የግሪክ ቅጂዎች ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ማለት ነው። ጥቂት በማይባሉ የግእዝ ቅጂዎች የማርቆስ ወንጌል ከ16፥8 በኋላ አንድ አጭር መደምደሚያ ጨምሮ ከዚያ የተለመደውን ረጅሙን ያስከትላል። የግእዙ ጸሐፊ ሁለት ዓይነት መደምደሚያ ደርሶት ሁለቱንም ሳይጥል ጻፈ፤ ዛሬ በአዲሱ መደበኛ ትርጉም ላይ የምናየው ማስታወሻ የሚሠራውን ሥራ እርሱ በዘመኑ ሠርቶታል።

ሌላው ምሳሌ የበለጠ ያስተምራል። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 በሮም የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳትም፣ የሐዋርያት ሥራ ቅጂው የጎደለ ስለነበር አብዛኛውን ክፍል እዚያው ከላቲንና ከግሪክ ተርጉሞ መሙላቱን በግልጽ አስታውቋል። ኤራስመስ በባዝል፣ ተስፋ ጽዮን በሮም፣ አንድ ዓይነት ችግር ገጥሟቸው አንድ ዓይነት መፍትሔ ወሰዱ። ይኸው የግእዝ ጽሑፍ በ1657 በተጠናቀቀው የብራያን ዋልተን ባለ ብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከግሪኩ ጎን ታተመ፤ ታላቁ የተሐድሶ ሊቅ ጆን ኦወን በ1659 ባሳተመው ጽሑፉ ሥጋቱን የገለጸው በዚህ ሥራ ላይ የተዘረዘሩትን የንባብ ልዩነቶች አይቶ ነበር። ኦወን የፈራው ብዛቱን ነው። እኔ ደግሞ ጥበቃው ያለው በዚያው ብዛት ውስጥ ነው ባይ ነኝ፤ የኤራስመስን የመጨረሻ ስድስት ቁጥሮችም ሆነ የተስፋ ጽዮንን የሐዋርያት ሥራ ለይተን ልናርም የቻልነው ሌሎች ቅጂዎች ስለተረፉ ነውና። ወደ ሦስተኛው አቋም የማዘነብለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ «በዘመናት ሁሉ በንጽሕና የተጠበቀ» የሚለውን የዌስትሚንስተር ቃል ሳልተው፣ ዋርፊልድም ይህን ቃል በቅጂዎች ብዛት የተጠበቀ ማለት እንደሆነ ተረድቶት ነበር።

ለማን የቱ ይሻላል

የአጥቢያውን የእምነት መግለጫ የሚያረቅቅ ሽማግሌ «በመጀመሪያ በተጻፈው ጽሑፍ» የሚለውን ሐረግ ማስገባትና አለማስገባት አስቀድሞ ሊወያይበት ይገባል፤ ካስገባው ሦስተኛውን መርጧል፣ ካስቀረው ለሁለተኛውና ለአራተኛው በሩን ክፍት ትቷል። የተሐድሶ እምነት መግለጫን በሙሉ የተቀበለ ማኅበር ሁለተኛውን ቢይዝ ወጥነት አለው፤ ነገር ግን የያዘው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አቋሙን በሙሉ እንደማይደግፍለት አውቆ ይያዝ። በክርክር መድረክ «ተበርዟል» ለሚል ሰው መልስ መስጠት ያለበት ወጣት ከመጀመሪያው አቋም ይራቅ፤ አንድ የንባብ ልዩነት ብቻ ሲታይበት የሚፈርስ መልስ ነውና። ልዩነቶቹን ራሱ አስቀድሞ ቢጠቅስና የትኛው ትምህርት በአንድ አከራካሪ ቁጥር ላይ ብቻ እንደቆመ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ የሥላሴ ትምህርት በ1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ላይ እንዳልቆመ 54ቱ ራሱ ምስክር ነው። በቤቱ በጸሎት የሚያነብ ምእመን ደግሞ በዚህ ሁሉ መጨነቅ የለበትም፤ በ54ቱ ወይም በአዲሱ መደበኛ ትርጉም ያንብብ፣ ቀለል ያለ አማርኛ የሚሻም የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበርን ዘመናዊ ትርጉም ይያዝ። የሚያስተምር ሰው ግን ቢያንስ ሁለት ትርጉም ከፊቱ ዘርግቶ፣ የግርጌ ማስታወሻውንም ሳይዘል ይዘጋጅ።

ስለ ማርቆስ 16 እና ስለ ዮሐንስ 8 የሚሰብክ አገልጋይ ክፍሉ በአንዳንድ ጥንታውያን ቅጂዎች እንደማይገኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ጉባኤው ከስልኩ ከሚያገኘው ቀድሞ ከመድረክ ይሰማዋል። ጥቅሶች በስክሪን በሚታዩባቸው አዳራሾችም የትርጉሙ ስም በጥግ ላይ ይጻፍ፤ ሰባኪው ከ54ቱ እያነበበ ስክሪኑ ላይ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ሲወጣ በወንበሮቹ መካከል የሚነሣው ሹክሹክታ በአብዛኛው በዚህ ይቀራል።